ቅቤ የሚጠራቀምበት ጾም

በጾም ቅቤ የሚገዛ ሰው አይቀምስም። በፍስክ ወራት ገዢው ከቅሉ አፍ በጣቱ ቆንጠር ያደርግና ምላሱ ላይ ያሳርፋል፤ የሰነበተ ይሁን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በዚያው ይለየዋል። በሁዳዴ እኩሌታ ዳንግላ ገበያ ላይ ያየኋት ሴት ግን በአውራ ጣቷ ጥቂት አነሳችና የግራ እጇን ጀርባ ቀባችበት። አሸችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ከዚያ እጇን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ወዙን አየች። ከሻጯ ጋር ዋጋውን በአገውኛ ሲከራከሩ ቆዩና መሐላው ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። «እመብርሃንን! ትናንት የተገፋ ነው» አለች ሻጯ። ገዢዋ አመነቻት። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ዘንቢል ውስጥ ገባ። እጇ ላይ የቀረውን ወዝ በቅጠሉ ጠርዝ ደጋግማ ጠረገችው፤ ሳታስበው አፏ ዘንድ እንዳይደርስ ይመስላል።

ያን ቅቤ የሚበላ ሰው ገና አንድ ወር ሊጠብቅ ነው። ሻጯ አልቀመሰችውም፤ ገዢዋም አትቀምሰውም። ቤት ይገባል፣ በኮረሪማና በበሶብላ ይነጠራል፣ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ላም በጾም አትነጥፍም፤ ጥጃዋን ወልዳ ከሆነ ሁዳዴም ገባ አልገባ ትታለባለች። ወተቱ ይረጋል፣ ይገፋል፣ ቅቤው ይጠራቀማል። አፍ በተዘጋ ቁጥር ጓዳ ይሞላል ማለት ነው። የአዊ ዞንን መንገድ ይዤ ስጓዝ ከሐሳቤ ያልወጣው ይኸው ነገር ነው፤ እህል ውሃ ጨርሶ የማይከለክል፣ ከምግቡ አንዱን ወገን ለይቶ የሚያስቀር ጾም፣ ያስቀረውን ወዴት ያደርሰዋል?

ከባሕር ዳር ዳንግላ 78 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መርዓዊን፣ ወተት ዓባይን፣ ዱርቤቴን እያለ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው አስፋልት በመጋቢት ደረቅና አቧራማ ነው። ማሳው ቃርሚያው ተግጦ ባዶውን ቀርቷል፤ አልፎ አልፎ አንድ ገበሬ ጥማዱን ይዞ የመጀመሪያውን እርሻ ይገምሳል። መርዓዊ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ሙዝ ገዛና ልጦ መብላት ጀመረ። ገና ጠዋት ነበር። ከኋላ ወንበር የነበሩ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አትጾምም እንዴ?»

«እጾማለሁ አባባ። የዳንኤልን ጾም ይዣለሁ» አለ ወጣቱ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በእምነቱም ወንጌላዊ ነበር። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እየበላ፣ ከውሃ በቀር ሳይጠጣ የሚቆይ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው።

«ስንት ቀን ነው?»

«21 ቀን።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ጸልዬበት ራሴ ነኝ የወሰንኩት።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ተባረክ። በ22ኛው ቀንስ ከማን ጋር ትገድፋለህ?»

ወጣቱ ሳቀ። ሽማግሌውም አብረው ሳቁና ወሬው ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ዞረ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወረድሁ።

ሁለቱም ጾማቸውን የሚስቡት ከአንድ ምንጭ ነው። በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ላይ አራቱ ምርኮኛ ወጣቶች የባቢሎንን ንጉሥ ማዕድ ትተው ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። በ10ኛው ምዕራፍ ደግሞ ዳንኤል ራሱ በእርጅናው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመልካም ምግብ፣ ከሥጋና ከወይን ጠጅ ርቆ ያዝናል። የወጣቱ 21 ቀን የመጣው ከዚህ ነው። በአሜሪካም ብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ይህንኑ ጾም በአባላቱ ፈቃድ ያውጃሉ፤ ስለ አመጋገቡ የሚያስረዱ መጻሕፍትም በገፍ ይታተማሉ። የእኛዋ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን የዳንኤልን ማዕድ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አጋባችው። ማን መቼ እንደሚጾም የሚወስነው ሰውዬው ሳይሆን ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ስሌት ነው፤ ስለዚህም የሚገድፍበት ጎረቤት አያጣም።

ነገሩን ከሥርዓቱ ውጪ ላለ አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት የሚባሉት ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ገሃድ፣ እንዲሁም የረቡዕና የዓርብ ጾመ ድኅነት ናቸው። ሁሉም ሲደመሩ ከዓመቱ ቀናት እኩሌታውን ይዘው ይሄዳሉ። ጾሙ ሁለት እጅ አለው። አንዱ እጅ ዓይነቱን ይይዛል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ባንድ ላይ ጥሉላት ተብለው ይከለከላሉ። ሌላው እጅ ሰዓቱን ይይዛል፤ የሚፈቀደው ምግብም ቢሆን እስከ ቀትር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደ ጾሙ ክብደትም እስከ ማታ ይቆያል። ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛው እጅ ይላላል፤ ሰው ጠዋት ቁርሱን ይበላል፣ ጥሉላቱ ግን አይነካም። ከግብጽ መጥቶ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጹን ለዚህ ጉዳይ ሰጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ዐቢይ ጾም፣ ማለትም ሁዳዴ፣ 55 ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል፤ ከዚያ ጌታ የጾመው 40 ቀን ይከተላል፤ ከሆሳዕና ዋዜማ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ ያሉት 8 ቀናት ይዘጉታል። እህል ውሃ ጨርሶ የማይቀመስበት ጾምም አለ፤ ከስቅለት ዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍሉ አሉ። እሱ ግን ሁለት ቀን ነው። ለሁለት ቀን ሰው በግለትም ቢሆን ይቆያል። ለ55 ቀን ሽሮና ድንች፣ ጎመንና ምስር እየተፈራረቁ ሲመጡ ግን ግለት አይበቃም፤ ልማድ፣ ጎረቤትና የቤት እመቤት ብልሃት ያስፈልጋል። ያቺ ብልሃተኛ ወጡን እንኳ ሳትቀምስ በዓይኗና በአፍንጫዋ ጨው የምትመጥን ናት።

ሙሉ በሙሉ አለመብላትን የጾም ቁንጮ አድርጎ፣ ጥሉላት መተውን ለደካማ የተሰጠ ቅናሽ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። አዊ ውስጥ ግን ይህ አመለካከት አያስኬድም። አዲስ ቅዳም ላይ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ፣ ከሰል የሚጭኑ ወጣቶች አየሁ። በዚህ ወረዳ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዘር ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ገበሬው ማሳው ላይ ችግኙን ከእህል ጋር ይተክላል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በአይሱዙ ወደ ከተማ ይሄዳል። ወጣቶቹ ከረጢቱን በትከሻቸው አንስተው በጣውላ መወጣጫ ላይ እየወጡ ይጭናሉ፤ ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

«እስካሁን ምንም አልቀመሳችሁም?» አልኋቸው።

«እነሱ እስከ ዘጠኝ ናቸው» አለ አንዱ ባልንጀሮቹን በአገጩ እያመለከተ። «እኔ ግን ሸክም ላይ ዓይኔ ጨለም ሲልብኝ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። እስከ ስድስት ፈቀዱልኝ። በልቻለሁ።»

«ደረቅ እንጀራ በአዋዜ ነው የበላኸው፤ በላሁ ትላለህ ደግሞ!» ብሎ ሌላው ከመኪናው ላይ ጮኸበት።

ጾሙ ሸክም ተሸካሚን ከሥራው አያወጣም፤ ከማኅበሩም አያወጣም። ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ያህል ይለካለታል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ የታመመ፣ አራስ ሴት ከነጭራሹ ነፃ ናቸው። እርጉዟን፣ መንገደኛውን፣ ከባድ ሥራ ላይ ያለውን የነፍስ አባት ያያል። ብዙዎች በተፈቀደላቸው አይጠቀሙም፤ ሐኪም ወተት ጠጪ ያላት ሴት ቄሱ ከፈቀዱላትም በኋላ ኩባያውን ከሰው ዓይን ሸሽጋ ነው የምትጠጣው። ጾሙ ግን በመጠኑ የተሠራው አራሽም፣ ጫኝም፣ ወቂም በአንድ ጊዜ እንዲይዙት ነው። ጉልበቱን ጨርሶ የሚያፈስስ ጾም የገዳም ሰው ጾም ነው፤ አገር ሙሉ ሊይዘው አይችልም።

አገር ሙሉ ሲይዘው የሚመጣውን ጣጣ ታሪክ አሳይቶናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ የአዳሉ አሚር ማሕፉዝ ለብዙ ዓመታት ዘመቻውን የሚያደርገው በዐቢይ ጾም ነበር፤ ክርስቲያኑ በጾም ደክሞ መሣሪያ ማንሣት በሚያቅተው ወራት። ማሕፉዝ በ1517 ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። የዚያ ዘመን ጾም ከዛሬው ይልቅ የጠበቀ እንደነበር ከዚሁ ይታያል። ጠላት የጾሙን ቀን ቆጥሮ መምጣቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ጾሙ የአንድ ሰው ምስጢር ሆኖ አያውቅም፤ ከሩቅ የሚታይ የአገር ሁኔታ ነበር።

እንጅባራ ስደርስ ብርዱ ተቀበለኝ። በአሮጌ ስሟ ኮሶ በር የምትባለው ይህች ከተማ ከዳንግላ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ በመጋቢትም ቢሆን ጠዋት ጋቢ አያስጥልም። ዋናው መንገድ ዳር ከቀርቀሃ የተሠሩ ወንበሮችና አልጋዎች ተደርድረዋል። ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ፈረሰኞች በጥልፍ ጨርቅ ባጌጡ ፈረሶች የሚጋልቡባት ከተማ ይህች ናት። የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያን ዕለት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይፎክራል። ጥር የሠርግም ወር ነው። ጾሙ ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ዘፈኑ ይቀዘቅዛል። ከተማዋን በእኩለ ጾም ያየ ሰው በጥር ያየኋት ናት ብሎ ለማመን ይቸገራል።

የደብረ ዘይት እሁድ ሌሊት ማኅሌት ቆምሁ። ደብረ ዘይት የሁዳዴ 5ኛው እሁድ፣ የጾሙ እኩሌታ ነው። በቤተ መቅደሱ ቅኔ ማኅሌት ከበሮው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጸናጽሉም ከተሰቀለበት አልወረደም። በሌላው ወራት ማኅሌቱን የሚያሞቁት እነሱ ናቸው። በሁዳዴ የቀሩት የሰው ድምፅና መቋሚያ ናቸው። መሪጌታው ከጾመ ድጓ መራ፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የተጎተተ ነበር። ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘመሙ ተቀበሉት። ሲያዘሙ የነጠላው ሹክታና የባዶ እግር ጭረት በወለሉ ላይ ይሰማል፤ ከበሮ ቢኖር ኖሮ የሚሰማ አይደለም። አንድ የሸመገሉ ደብተራ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ትንፋሽ ሲስቡ እንኳ ሰማሁ።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ በጾም አይቋረጥም። ከመሣሪያው ጥቂቱ ይቀነስና የቀረው ባልተለመደ ሁኔታ ይጎላል። ምእመኑ በማዕዱ የሚያደርገውን ቤተ ክርስቲያኒቱ በጆሮዋ ታደርገዋለች ማለት ነው።

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ከምላቸው አንድ ቄስ ጋር ወጣን። እንጅባራ ዙሪያ ባለች አንዲት ቀበሌ ያገለግላሉ፤ ዘንድሮ 70 ዓመት እንደሚሆናቸው ነገሩኝ። እሁድ ስለሆነ ቤታቸው ቁርስ ቀረበ፤ የገብስ ዳቦ፣ የድንች ወጥ፣ ስናፍጩ ዓይን የሚያስለቅስ ስልጆ። የገበያዋን ሴት ነገር፣ ቅቤው ጓዳ ለጓዳ መጠራቀሙን አነሣሁባቸው።

«አንተ ስትጾም ቁርስ ትተዋለህ?» አሉኝ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ እተዋለሁ፣ መምሬ።»

«መልካም። ለመሆኑ ያ ያልበላኸው ቁርስ የት ደረሰ?»

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ቁርሱን ስላልገዛሁት ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነው። ኪሴ ውስጥ ካለው ከሌላው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሏል። መምሬ መልስ አልጠበቁም፤ ስልጆውን ወደ እኔ ገፉና «ብላ እንጂ» አሉ።

ጥያቄያቸው እጅግ ጥንታዊ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ የተጻፈው «የሄርማስ እረኛ» የተባለ መጽሐፍ ስለ ጾም የሚሰጠው መመሪያ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ይመሳሰላል። በምትጾምበት ቀን ከእንጀራና ከውሃ በቀር አትቅመስ፤ ያን ዕለት ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንኑ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጥ፤ የመጽሐፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። እንጀራና ውሃ የተፈቀደ በመሆኑ ይህም ከፊል ጾም ነው። መጽሐፉ በግዕዝ ተተርጉሞ በአገራችን ገዳማት ሲጠበቅ ኖሯል፤ አንቷን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 የግዕዙን ቅጂ ትግራይ፣ ጉንዳ ጉንዴ ገዳም ውስጥ አገኘው፤ በ1860 ላይፕዚግ ላይ ታተመ። ከሄርማስ በፊትም ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፉ ጾምን ከተራበ ሰው እንጀራ ጋር አቆራኝቶታል። ሄርማስ የጨመረው ስሌቱን ነው። ዋጋው ይታወቅ፣ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለሰው ይድረስ።

ስሌቱ የሚሠራው በከፊል ጾም መሆኑ ልብ ይሏል። ከነጭራሹ የማይበላ ሰው ድካሙን ብቻ ይዞ ይውላል። ከፊሉን የሚጾም ሰው ግን ሁለት ትርፍ አለው፤ ያልተበላው ምግብና ያልጠፋው ጉልበት። ትርፍ ደግሞ ሒሳብ ይጠየቅበታል።

ከመምሬ ጎረቤት አንዲት እናት ቤት የገባሁት ግብጦ ሊቀምስ የመጣ እንግዳ ሆኜ ነው። ግብጦ የጎጃምና የአዊ ደጋ ፍሬ ነው፤ ለዘሩ መሬት አይመርጥም፣ ከብትም አይደፍረውም፤ መራራ ነውና። ሰው የሚበላው ብዙ ከደከመበት በኋላ ነው። እኚህ እናት አስቀድመው በምጣድ ይቆሉታል፤ ከዚያ ይቀቅሉታል፤ ከዚያ በጆንያ ቋጥረው ከቤታቸው በታች ባለች ወራጅ ውሃ ላይ በድንጋይ ተጭኖ ይሰነብታል። ወርጄ አየሁት። ውሃው ጆንያውን እያለፈ ሲሄድ አረፋ ያወጣል፤ ምሬቱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። አንዱን ፍሬ አውጥተው ቀምሰው «ገና ነው፣ ሁለት ሌሊት ይቀረዋል» ብለው መልሰው ጨመሩት። እቤት የተዘጋጀው ሌላ ነበር፤ ቅርፊቱን በጥርሴ እየላጥሁ በጨው በላሁት። ያጠግባል። የቡና ቁርስም ነው፣ በጾም ደግሞ ምሳ የሚሆንበት ቀን አለ።

ከቤቱ ጎን አንዲት ላም ታስራለች፤ ጥጃዋ ገና የወር ነች። ወተቱን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው።

«ይገፋል፣ ቅቤው ይሸጣል። ምን ይደረግ ልጄ፣ ማዳበሪያ የሚገዛው ከሱ ነው። ለፋሲካም ለቤት ይቀመጣል። የረቡዕና የዓርቡን ግን አልገፋም።»

«ለምን እማማ?»

በአጥር ማዶ ያለ አንድ ጎጆ አሳዩኝ። እዚያ ያለችው ሴት መንታ ወልዳ ጡቷ አልበቃ አለ፤ ላም የላትም። የረቡዕና የዓርብ ወተት ወደዚያ ይሄዳል። «ሁዳዴ ሲያልቅስ?» ስላቸው ሳቁ። «ያኔማ የኔዎቹም ይጠጡታል፤ ባልየውም ይነጫነጫል። አሁን ግን ማን ይነጫነጫል? ሁሉም ጾመኛ ነው፤ አፍ የለውም።»

ይህን ሲነግሩኝ ምጽዋት የሚለውን ቃል አላነሡም። የሄርማስን ስሌትም አልሰሙም። ሁለት ሌላ ነገር ግን አውቀዋል። ጾሙ ለ55 ቀን የቤቱን ሰው ሁሉ ከወተቱ ገለል ያደርገዋል፤ በሌላው ወራት ለጎረቤት ቢሰጡት ጠብ የሚያስነሣው ነገር በጾም ያለ ጠብ ከቤት ይወጣል። ደግሞም ሁሉን አይሰጡም። ማዳበሪያ የግድ ነው፤ ፋሲካም ያለ ቅቤ አይሆንም። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ለይተዋል። የጾሙ ከፊልነት ወደ ስጦታቸውም ተሻግሯል፤ በልክ የሚጾሙ ሴት በልክ ይሰጣሉ፣ ስለዚህም ሳይቋረጥ ይሰጣሉ።

ከዚህ ቤት ወጥቼ ዳንግላ ገበያ ላይ ያየሁትን ሳስብ በሴትየዋ ለመፍረድ አልቸኮልሁም። ማን ያውቃል፤ ያ ቅቤ ለአማቷ ይሁን ለሙት ዓመት። ነገር ግን ጾም ጓዳ ሞልቶ በፋሲካ ማግስት ባንድ ጊዜ ሲፈስስ፣ ሥጋው፣ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ጠጁ በሦስት ቀን ውስጥ በ55 ቀን ያልተበላውን ሲያካክስ፣ ሁዳዴ ከቁጠባ በምን ይለያል? ለትልቅ ግብዣ የሚያጠራቅም ሰው ሁሉ ይራባል። ጾመኛ ለመባል ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

ከተሜው ደግሞ ሌላ መውጫ አግኝቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በሁዳዴ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ በአኩሪ አተር ወተት የተሠራ የጾም ማኪያቶ አለ። የጾም ቅቤ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው የአትክልት ቅባት ከእውነተኛው ቅቤ ጋር መልኩን ለመመሳሰል ይጥራል። ይህን ሁሉ በሕጉ መንቀፍ አይቻልም፤ ጥሉላት የለበትም። ዋጋው ግን ከፍስኩ ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ የሄርማስ መዝገብ ባዶ ይቀራል፤ ሰውዬው ጾሟል፣ ከማዕዱ የተረፈ ሳንቲም ግን የለም። በውጭ አገር ከተሞችም፣ በዋሽንግተንም ይሁን በለንደን፣ ከየዓይነቱ የተደረደረበት የጾም ትሪያችን ሥጋ የማይበላውን ፈረንጅ ሁሉ ምግብ ቤታችን አስገብቶታል። የሁዳዴ እናቶች ብልሃት ዓለም አቀፍ ገበያ አገኘ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ትሪው ግን ከ22ኛው ቀን ጥያቄ ጋር አብሮ አልተሻገረም።

ስለዚያ ጥያቄ ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። ሽማግሌው ወጣቱን ከማን ጋር ትገድፋለህ ሲሉት ብቸኝነቱ አሳዝኗቸው መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ ራሳችን ማዞር እንዳለብን ይሰማኛል። የእኛ ጾም የጋራ ነው፤ መግባቱም መውጣቱም የጋራ ነው። መካከሉስ? በ55ቱ ቀናት ውስጥ ከማን ጋር ነበርን? ወጣቱ በራሱ ፈቃድ የያዘው ጾም አንድ ጥቅም አለው፤ ለምን እንደያዘው ሁልጊዜ ያውቃል። እኛ ጾሙን ከቀን መቁጠሪያው እንቀበላለን፤ ምክንያቱን ግን በየዓመቱ ራሳችን መፈለግ አለብን።

ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። የሁዳዴ 55 ቀናት 8 ሳምንታት ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉትን ብቻ ብንቆጥር 40 ቀን ይሆናሉ። ጠዋት የማይበላ ሰው 40 ቁርስ ትቷል ማለት ነው። እንጅባራ ላይ አንድ ሻይ በዳቦ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የራሱን ዋጋ በራሱ ከተማ ማስላት አያቅተውም። ከ40ው አሥራ ስድስቱ ቢወጣ እንኳ፣ እንደ እኚያ እናት ወተት ከሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻ ቢወጣ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ የሚያደርገው ነገር ይታያል። የፋሲካ ዶሮ ከመታረዱ በፊት እያንዳንዱ ቤት መምሬ የጠየቁኝን ቢጠየቅ መልካም ነው፤ ያልበላችሁት ቁርስ የት ደረሰ? መልስ ያለው ቤት በደንብ ጾሟል። መልስ የሌለው ቤት ደግሞ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ካለፉ ረቡዕና ዓርብ ስላሉለት ሌላ ሁዳዴ መጠበቅ አያስፈልገውም።